የአይሁድ በዓላት ከሮሽ ሃሻና እስከ ቲሻ በአቭ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የተወለድኩት ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ ነው፤ ያደግኩት ደግሞ እስራኤል አገር። አብረውኝ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን፣ አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ፣ አሜሪካ ሄደው አይሁዳዊ ጎረቤት ያገኙ ዘመዶቻቸው ስለ በዓሎቻችን በየዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል። ጥያቄው አይሰለቸኝም። የሚያሳዝነኝ መልሱን ሁሉ በባዕድ ቋንቋ መፈለጋቸው ነው። የእነዚህ በዓላት ቃላት ግማሾቹ በአማርኛና በግዕዝ ውስጥ ቁጭ ብለዋልና፣ እኔም በዚሁ መንገድ ለመመለስ እሞክራለሁ።

የበዓላቱ ቀን በየዓመቱ ለምን ይለዋወጣል?

የአይሁድ ወር በጨረቃ ይቆጠራል፤ 29 ወይም 30 ቀን አለው። አሥራ ሁለቱ ወራት ሲደመሩ ወደ 354 ቀን ይመጣሉ፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳሉ ማለት ነው። ዝም ብሎ ቢቆጠር ፋሲካ እየተንሸራተተ ዓመቱን ሙሉ በዞረ ነበር። ኦሪት ግን ፋሲካ እሸት በሚደርስበት ወር እንዲከበር ታዛለች። ስለዚህ በየ19 ዓመቱ ውስጥ 7 ጊዜ አንድ ተጨማሪ ወር ይገባና ዓመቱ 13 ወር ይሆናል።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት «ንዑስ ቀመር» የሚሉት ዙር ራሱ 19 ዓመት ነው። የነነዌን ጾም ለማግኘት የሚቆጥሩት «መጥቅዕ»ም ስሙን የወሰደው ቀንደ መለከት ከሚነፋበት ከአይሁድ የአዲስ ዓመት በዓል ነው።

አንድ ነገር እዚሁ ልጨምር፤ ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትገባ ነው። «በዓሉ ነገ ነው» ከተባሉ በዓሉ የሚገባው ዛሬ ማታ ነው።

ሮሽ ሃሻና ከእንቁጣጣሽ ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ ነገር ግን ጎረቤታሞች ናቸው። ቃሉን እንኳ ብንፈታው «ሮሽ» ራስ፣ «ሻና» ዓመት ነው። ግዕዙ መስከረም 1ን «ርእሰ ዐውደ ዓመት» ሲል ያንኑ ማለቱ ነው። ሮሽ ሃሻና የሚውለው ቲሽሪ በሚባለው ወር 1ኛና 2ኛ ቀን ሲሆን፣ በጳጉሜን ገደማ ወይም በመስከረም ውስጥ ይሆናል። በ2019 ዓ.ም. የሁለቱ መገጣጠም ልዩ ነው። መስከረም 1 ቀን አርብ እንቁጣጣሽ ተከብሮ ሲመሽ፣ በዚያው ምሽት 5787 ዓመተ ዓለም የሚባለው የአይሁድ አዲስ ዓመት ይገባል።

በዓሉ ደስታም ፍርሃትም አለበት። ሰው በሥራው የሚመዘንበት ቀን ነውና። በጸሎት ቤት ሾፋር፣ ማለትም የበግ ቀንድ፣ እንደ ልማዱ 100 ጊዜ ይነፋል። ከሰንበት ጋር ከተገጣጠመ ግን አይነፋም። በ2019 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ ስለሚሆን ቀንዱ የሚሰማው እሑድ ብቻ ነው። ገበታው ላይ ማር የተነከረ ፖም፣ ሮማንና ክብ ዳቦ ይቀርባል። አባቶቻችን በኢትዮጵያ ይህን ቀን «ብርሃን ሠረቀ» ይሉት ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የሚያምር ስም አላገኘሁለትም።

በዮም ኪፑር ምን ይደረጋል? ጎረቤት የሆነ ሰውስ ምን ይጠበቅበታል?

ዮም ኪፑር የስርየት ቀን ነው፤ በቤተ እስራኤል፣ ማለትም በእኛ በኢትዮጵያ አይሁድ ዘንድ፣ ስሙ «አስተስርዮ» ይባላል። ቲሽሪ 10 ቀን ይውላል። ጾሙ ከፀሐይ መግቢያ በፊት ተጀምሮ በማግስቱ ከዋክብት እስኪታዩ 25 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ውኃም አይቀመስም። መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ የቆዳ ጫማ ማድረግና የባልና ሚስት ግንኙነትም ይቀራሉ። ነጭ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ በሸራ ጫማ ወደ ጸሎት ቤት ሲሄድ ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። ልጆች፣ በጠና የታመሙና ሕይወታቸው አደጋ ላይ የሚወድቅ ሰዎች አይጾሙም። ሴት ልጅ ከ12፣ ወንድ ከ13 ዓመት ጀምሮ ግዴታው ይያዛል።

ከጾሙ በፊት ግን ሌላ ሥራ አለ። ዮም ኪፑር በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ያለውን በደል ያስተሰርያል እንጂ ሰው ባልንጀራውን የበደለውን አያስተሰርይም፤ ይቅርታ እስኪጠይቀው ድረስ። ስለዚህ በዋዜማው ሳምንት ከዓመት በፊት የተቀያየመ ሰው ስልክ ቢደውልልዎ አይገረሙ። ለእኔ የበዓሉ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። መራብ ቀላል ነው፤ ስልኩን ማንሳት ግን ይከብዳል።

እስራኤል ውስጥ በዚያ ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ይዘጋል፤ የአገሩ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ዝም ይላል፤ አውራ ጎዳናው ባዶ ይሆናል። ልጆች በብስክሌት መንገዱን ይሞሉታል። ከአምቡላንስና ከድንገተኛ ሥራ በቀር መኪና አይነዳም። ሌላ እምነት ያለው ሰው እንዲጾም ማንም አይጠብቅበትም፤ አደባባይ ላይ አለመብላትና አለማጨስ፣ ሙዚቃንም ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ሱኮት ላይ የሚሠሩት ዳስ ምንድን ነው? የሚወዛወዙትስ ቅጠሎች?

ይህ የምወደው ጥያቄ ነው። ሱኮት የዳስ በዓል ነው፤ ቲሽሪ 15 ይገባና 7 ቀን ይከበራል። እስራኤላውያን ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ ሲኖሩ በዳስ መቀመጣቸው ይታሰብበታል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በግቢው ወይም በሰገነቱ ላይ ዳስ ይጥላል፤ ይበላበታል፤ የቻለ ይተኛበታል። ጣሪያው ከተቆረጠ ቅርንጫፍ መሆን አለበት፤ ጥላ ይሰጣል፣ ግን ማታ ከዋክብት በመካከሉ ይታያሉ። ዳስ ለሠርግም ለለቅሶም የሚጥል አበሻ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

አራቱን ዕፅዋት ደግሞ እንመልከት። ዕብራይስጡ ኤትሮግ፣ ሉላቭ፣ ሃዳስ፣ አራቫ ይላቸዋል። ኤትሮግ በእኛ ትርንጎ ነው። ሉላቭ ገና ያልተዘረጋ የዘንባባ ቅጠል ነው። አራቫ ከወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ ነው። ሃዳስስ? ሃዳስ እናቶቻችን ቅቤ ውስጥ የሚጨምሩት አደስ ነው፤ ስሙ እንኳ አልራቀም። መጀመሪያ ጊዜ እናቴን ወደ ኢየሩሳሌም የሱኮት ገበያ ስወስዳት፣ ሻጩ በፕላስቲክ የታሸገ ሦስት ዘለላ ሃዳስ ሰጣት። ከፍታ አሸተተችው። «ይሄማ አደስ ነው!» አለች። ሻጩ ምን እንዳለች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ አንድ ዘለላ ጨመረላት።

አንድ ዘንባባ፣ ሦስት አደስና ሁለት አኻያ ታስረው በቀኝ እጅ፣ ትርንጎው በግራ እጅ ይያዛል። ከበረከቱ በኋላ ወደ አራቱ ማዕዘን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛሉ። ትርንጎው እንከን የሌለው እንዲሆን ይፈለጋል፤ በገበያው ሰዎች በማጉያ መነጽር ሲመረምሩት ያያሉ። የሱኮት ማብቂያ ላይ የኦሪት ደስታ፣ «ሲምሐት ቶራ»፣ ይመጣል። የዓመቱ ንባብ በዚያ ቀን ይፈጸምና ሳይቋረጥ ከዘፍጥረት እንደገና ይጀመራል።

ስግድ ምንድን ነው? ሁሉም አይሁድ ያከብሩታል?

ስግድ የእኛ ነው፤ ቤተ እስራኤል ለአይሁድ ሕዝብ ያመጣው በዓል ነው። (እግረ መንገዴን፦ «ፈላሻ» የሚለውን ስም ተዉት። በስድብነት የተሸከምነው ስም ነው፤ ቤተ እስራኤል በሉን።) ቃሉ «ሰገደ» ከሚለው የመጣ ነው። ከአስተስርዮ ተቆጥሮ በ50ኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29 ይውላል፤ በ2019 ዓ.ም. ጥቅምት 30 ይሆናል።

መሠረቱ የዕዝራና የነህምያ ታሪክ ነው። ከባቢሎን የተመለሰው ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ሕጉ ሲነበብለት ሰምቶ፣ ጾሞ፣ ኃጢአቱን ተናዝዞ ኪዳኑን አደሰ። በጎንደር አካባቢ ባለችው በአምቦበር መንደርና በሌሎችም ቦታዎች ሕዝቡ በጠዋት ነጭ ለብሶ፣ እየጾመ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶቹ ኦሪትን ተሸክመው በዣንጥላ ታጅበው ይቀድማሉ፤ ምእመኑ የመዋረድ ምልክት አድርጎ ድንጋይ ይሸከማል። ኦሪቱ በግዕዝ ይነበባል፤ ሕዝቡ እንዲገባው ይተረጎማል። ፊት ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ወደዚያች ከተማ ለመመለስ ይጸለያል። ከሰዓት በኋላ ከተራራው በደስታ ተወርዶ ጾሙ ይፈታል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፈናል።

ዛሬ የሚከበረው ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ አሮጌው ከተማ ከፊት ለፊት በሚታይበት በአርሞን ሃናትሲቭ ከፍታ ላይ ነው። የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል እንዲሆን በሕግ ደንግጓል። ሌሎች አይሁድ ማክበር ግዴታቸው አይደለም፤ ነገር ግን የሚመጡት በየዓመቱ ይታያሉ። «ኢየሩሳሌም ከገባችሁ ለምን አሁንም ትጸልያላችሁ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የምንጸልየው ለመግባት ብቻ አልነበረም፤ ኪዳኑን ለማደስም ነው። እሱ ደግሞ በየዓመቱ ይታደሳል።

ሐኑካ «የአይሁድ ገና» ነው?

አይደለም፤ ታኅሣሥ አካባቢ መገናኘታቸው ነው ሰውን የሚያሳስተው። ሐኑካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት፣ ንጉሥ አንቲዮኮስ 4ኛ ያረከሰው ቤተ መቅደስ መቃብያን በሚባሉ የአይሁድ ተዋጊዎች እጅ ነጽቶ የተመረቀበት መታሰቢያ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ለአንድ ቀን የሚበቃ ዘይት ተገኝቶ 8 ቀን በራ። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት እየተባለ እስከ ስምንት መብራት ይበራል፤ ለመለኮሻ የሚያገለግል «ሻማሽ» የሚባል ዘጠነኛ መብራትም አለ። በዘይት የተጠበሰ ነገር ይበላል፤ በእስራኤል ማርማላታ ያለበት ሱፍጋኒያ ይገኛል፤ የቦምቦሊኖ የቅርብ ዘመድ ነው። ሥራ አይከለከልም።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፈ መቃብያን ይህን ታሪክ የሚተርክ የሚመስላቸው አሉ፤ ስሙ ይመሳሰል እንጂ ታሪኩ ሌላ ነው። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ሐኑካን አያውቁም ነበር። እኛም የተማርነው እስራኤል ከገባን በኋላ ነው።

ፑሪምስ?

በአዳር ወር 14 ቀን (በኢየሩሳሌም 15) መጽሐፈ አስቴር ይነበባል። መጽሐፉ ሲጀምር ንጉሡ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በ127 አገሮች ላይ እንደነገሠ ይናገራል። አይሁድን ሊያጠፋ ያሤረው የሐማ ስም በተጠራ ቁጥር ልጆች ይጮኻሉ፣ ያንኳኳሉ። ለወዳጅ ምግብ መላክና ለድሆች መስጠት ግዴታ ነው። የልጆቹ ልዩ ልዩ አልባሳት ዓይን ይስባል፤ ቤተ እስራኤል ግን የሚያውቁት የአስቴርን ጾም ነበር።

ፋሲካ ስትሉ ትንሣኤን ማለታችሁ ነው?

አይደለም። ዕብራይስጡ «ፔሳሕ» ነው፤ በግሪክ በኩል ዞሮ «ፋሲካ» ሆኖ ግዕዝና አማርኛ ገባ፤ ክርስቲያኖችም ለትንሣኤ ተጠቀሙበት። የእኛ ፋሲካ ከግብፅ ባርነት የመውጣት በዓል ነው፤ ኒሳን 15 ይገባል። በ2019 ዓ.ም. ሚያዝያ 13 ማታ ሲገባ፣ የኢትዮጵያ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ይውላል።

በመጀመሪያው ሌሊት ቤተሰቡ «ሴደር» በሚባለው ማዕድ ዙሪያ ይቀመጣል። አራት ጽዋ ወይን ይጠጣል፤ የባርነትን ምሬት የሚያስታውስ መራራ ቅጠል ይበላል። የቤቱ ትንሹ ልጅ «ይህች ሌሊት ከሌሎች ሌሊቶች ሁሉ በምን ትለያለች?» ብሎ ይጠይቃል። የቀረው ሌሊት ለእሱ የሚሰጥ መልስ ነው።

ለሳምንቱ እርሾ የነካው ነገር ከቤት ይወጣል። በዋዜማው ሌሊት ፍርፋሪ በሻማ ይፈለጋል፤ ጠዋት ይቃጠላል። ሱፐርማርኬት ውስጥ የዳቦና የፓስታ መደርደሪያ ተሸፍኖ ያገኙታል። የሚበላው ቂጣ ዱቄቱ ውኃ ከነካው ጀምሮ በ18 ደቂቃ ውስጥ ተጋግሮ ማለቅ አለበት።

ወለቃ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች፤ እናቴም ሸክላ ሠሪ ነበረች። ለፋሲካ አሮጌው ድስት፣ ምጣድና ጋን ይሰበራል፤ አዲስ ይሠራል። አዲሱን ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሸው የሚወጣው ሽታ ለእሷ እስከ ዛሬ የፋሲካ ሽታ ነው። ከዚያ በግ ይታረዳል፤ ቂጣው በዚያው ሰዓት ተጋግሮ ትኩሱን ይበላል፤ ለስላሳ ነው፤ ከሱቅ እንደሚገዛው አይሰባበርም። በጉ እዚህ ቀርቷል። ምጣዱ ግን አልቀረም፤ በየዓመቱ አዲስ ትገዛለች።

በፋሲካ እንጀራ ይበላል?

ክርክር አለበት። ሐሜጽ፣ ማለትም የቦካ፣ የሚባለው ስንዴና ገብስን ጨምሮ ከአምስት የእህል ዓይነቶች የተሠራው ነው፤ ጤፍ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ግን የገበያ እንጀራ ከሌላ ዱቄት ጋር ሊደባለቅ ይችላል። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ እህሉን ለይተው አያውቁም፤ እርሾና አብሲት የገባበት ሁሉ፣ ጠላም ጭምር፣ ይወገድ ነበር። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ። ሰባት ቀን ያለ እንጀራ መቆየት ለአበሻ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም በዓሉ በሆድ የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሻቩኦትስ?

ከፋሲካ ማግስት 49 ቀን ይቆጠርና 50ኛው ቀን፣ ሲቫን 6፣ ሻቩኦት ይሆናል። ኦሪት በሲና የተሰጠችበት ቀን ነው። ሌሊቱን በንባብ የሚያነጉ አሉ፤ የወተት ምግብ ይበላል። ቤተ እስራኤል «ማዕረር» ብለው፣ ቆጠራውን ፋሲካ ካለቀ በኋላ ጀምረው ሲቫን 12 ያከብሩት ነበር።

ከዮም ኪፑር ሌላ ጾም አለ?

አለ። ከሁሉም የከበደው ቲሻ በአቭ፣ አቭ 9 ነው። በትውፊት ሁለቱም ቤተ መቅደሶች የፈረሱት በዚህ ቀን ነው፤ ሁለተኛውን ሮማውያን ያፈረሱት በ70 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነበር። ሰው እንደ ለቀስተኛ መሬት ላይ ተቀምጦ ሰቆቃወ ኤርምያስን ያነባል። ሰላምታ እንኳ አይሰጣጡም።

ሰንበት ከበዓላት ይቆጠራል?

ከሁሉም በላይ ነው፤ በየሳምንቱ መምጣቱ ክብሩን አይቀንሰውም። አርብ ፀሐይ ከመግባቷ 18 ደቂቃ በፊት (በኢየሩሳሌም 40) ሻማ ይበራል፤ ከዚያ በኋላ እሳት አይነካም፣ አይጻፍም፣ አይነገድም። በአብዛኛው የእስራኤል ከተማ አውቶቡስ ይቆማል። ስለዚህ ገበያዎን አርብ ከቀትር በፊት ይጨርሱ። አባቶቻችን ጭራሽ የበራውንም እሳት አጥፍተው ሰንበትን ይቀበሉ ነበር፤ ምግቡ ቀዝቃዛ፣ ቤቱ ጨለማ፣ ሰላምታው «ሰንበት ሰላም»።

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ አይሁድ ለምን አንድ ቀን ይጨምራሉ?

በጥንት ጊዜ አዲሱ ወር የሚታወጀው ጨረቃን ያዩ ምስክሮች ቀርበው ነበር። መልእክተኛ በጊዜ የማይደርስበት ሩቅ አገር እንዳይሳሳት ሁለት ቀን ያከብር ጀመር፤ ልማዱም በዚያው ጸና። ስለዚህ ፋሲካ በእስራኤል 7፣ በውጭ 8 ቀን ነው። ዮም ኪፑር ግን የትም አንድ ቀን ነው፤ ሮሽ ሃሻና የትም ሁለት።

ለበዓል ቤት ብጠራ ምን ይዤ ልሂድ?

ባዶ እጅ መሄድ እንደሚያሳፍርዎ አውቃለሁ። የኮሸርን፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሕግ፣ በሚጠብቅ ቤት ግን ከቤትዎ የተሠራ ምግብ፣ ምንም ቢጣፍጥ፣ ገበታ ላይ ላይወጣ ይችላል፤ ሥጋና ወተት አይቀላቀሉም፣ ዕቃውም የተለየ ነው። አበባ፣ ያልተቆረጠ ፍራፍሬ ወይም የኮሸር ማኅተም ያለበት ያልተከፈተ ወይን ጥሩ ነው። በፋሲካ ዳቦ፣ ኬክና ቢራ በፍጹም አይውሰዱ። በሰንበት ደግሞ «እየመጣሁ ነው» ብለው አይደውሉ፤ ስልኩ አይነሳም። ቡናም አይቆላም፤ ቅር አይበልዎት።

ምን ብዬ «እንኳን አደረሳችሁ» ልበል?

ለአዲስ ዓመት «ሻና ቶቫ»፣ ለሌሎቹ በዓላት «ሐግ ሳሜህ» ይባላል። ከጾም በፊት «ጾም ቃል» ይላሉ፤ ጾሙ ይቅለልህ ማለት ነው፤ «ጾም»ን መቼም አልተረጉምልዎትም። በአማርኛ «እንኳን አደረሳችሁ» ቢሉም ደስ ይለናል።

አንድ ቀን ግን ይጠንቀቁ። ኢያር 28 በእስራኤል የኢየሩሳሌም ቀን ነው፤ ባንዲራ ይውለበለባል፤ ሰው ይዘፍናል። ለቤተ እስራኤል ደግሞ በ1970ዎቹ (ዓ.ም.) በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች መታሰቢያ ነው። ሥነ ሥርዓቱ በሄርዝል ተራራ ይካሄዳል፤ አያቴም ከእነዚያ አንዷ ናት። በዚያ ቀን የሚያውቁት የቤተ እስራኤል ሰው ካገኙ «ሐግ ሳሜህ» አይበሉት። «ነፍስ ይማር» ይበሉት።